ርካሽ ኮፒ የእንጨት ሥራ መሣሪያ፦ መብቱን ማጣራት፣ ዕቃውን መፈተሽ

ሁለት መላጊያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ክብደታቸውም ይቀራረባል፤ የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው ሩብ ነው። ገዢ ቶሎ የሚጠይቀው «ርካሹ ይሠራል ወይ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በግማሽ ሰዓት ፍተሻ ይገኛል። ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፦ ይህ አሠራር የማን ነው? «ኮፒ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ስለሚጠሩ፣ መጀመሪያ እነሱን መለየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፎርጅድ፣ የተጠበቀ ፈጠራ፣ ነጻ የወጣ ንድፍ

ፎርጅድ የሌላውን ስምና ምልክት ለጥፎ የሚሸጥ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባ እየታደሰ ያለ ገደብ መቀጠል ስለሚችል «የድሮ ስም ነው» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ይህን በምንም ዋጋ አትግዙ። በስሙ ላይ የዋሸ ሰው በብረቱ ጥንካሬ ወይም በላዩ በታተመው የዙር ቁጥር ላይ የማይዋሽበት ምክንያት የለም። ዕቃው እጃችሁ ላይ ቢሰበርም የሚጠየቅ አይኖርም።

ሁለተኛው ስም አይሰርቅም። ሳጥኑ ላይ የራሱ ስም አለ፤ የወሰደው ግን ገና በፓተንት ወይም በተመዘገበ የኢንዱስትሪ ንድፍ የተጠበቀ ሐሳብ ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ስለተለየ ብቻ ዕቃው ንጹሕ ይመስለዋል። ናሙናውን ደጋግሞ የሠራው፣ ያልተሳካውን የጣለው፣ የሻጋታውን ወጪ የከፈለው ግን ሌላ ነው። ኮፒው የረከሰበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ያልተከፈለ ወጪ ነው።

ሦስተኛው የጥበቃ ዘመኑ ያለፈ ንድፍ ነው፤ እሱን መሥራትም መግዛትም ነውር የለበትም። ዛሬ በየቦታው የምናየውን የብረት መላጊያ አሠራር ሊዮናርድ ቤይሊ ያወጣው በ1860ዎቹ ነው፤ የአሜሪካው መሣሪያ አምራች ስታንሊ መብቱን በ1869 ገዛው። ቤድሮክ የሚባለው የስታንሊ መላጊያ ፓተንትም የ1890ዎቹ ነው። በ1981 የተመሠረተው የአሜሪካው ሊ-ኒልሰን ዝና ያተረፈው እነዚህን የስታንሊ ቅርጾች በተሻለ ብረትና በጠበቀ ልኬት እንደገና በመሥራት ነው። ስለዚህ ሌላ ፋብሪካ የቤድሮክን ቅርጽ ቢያወጣ የሊ-ኒልሰንን ፈጠራ ወሰደ አይባልም። የካናዳው ቬሪታስ ግን ብዙ መሣሪያዎቹን ራሱ ነድፎ ፓተንት ያወጣባቸዋል። የእሱን የሚመስል ርካሽ ዕቃ ስታዩ ሳያጣሩ ማለፍ አይገባም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። ንድፉ ነጻ ቢሆንም የሌላውን ፋብሪካ ፎቶግራፍና የአጠቃቀም መመሪያ ቀድቶ የሚያወጣ ሻጭ የቅጅ መብት ይጥሳል። የማስታወቂያው ፎቶ ከታዋቂው ድርጅት ተወስዶ ስሙ ብቻ ተፍቆ ከሆነ፣ የሚደርሳችሁ ዕቃ በፎቶው ላይ ያለው እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ዕወቁ።

ፓተንቱ በሕይወት መኖሩን ማጣራት

መጀመሪያ ቁጥሩን ፈልጉ። ኦሪጅናሉ መሣሪያ ላይ፣ በሳጥኑ፣ በመመሪያው ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። በአሜሪካ ቁጥሩ «ዲ» በሚለው የላቲን ፊደል ከጀመረ የቅርጽ ጥበቃ ነው፤ ያለ ፊደል ከሆነ በአብዛኛው የአሠራር ፓተንት ነው። «ፓተንት ፔንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ማመልከቻ ገብቷል ከማለት አያልፍም፤ መብቱ ገና አልተሰጠም።

ቁጥሩን በጉግል ፓተንትስ፣ በአውሮፓው ኤስፓስኔት ወይም በዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ ላይ አስገቡ። ቁጥር ካላገኛችሁ የድርጅቱን ስም በባለመብትነት፣ የመሣሪያውን ዓይነት ደግሞ በቁልፍ ቃልነት አስገብታችሁ ፈልጉ። ሦስቱም በነጻ ይሠራሉ።

ቀጥሎ ቀኑን አስሉ። በትሪፕስ፣ ማለትም በዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት መሠረት የፓተንት ዘመን ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ 20 ዓመት ነው። ፓተንቱ ከተሰጠበት ቀን አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህን ነው። ባለመብቱ የማቆያ ክፍያውን ካልከፈለ ግን ከዚያ በፊትም ይሞታል፤ ጉግል ፓተንትስ ይህንን በሁኔታ መግለጫው ላይ ያሳያል። የቅርጽ ጥበቃ አቆጣጠሩ ሌላ ነው፦ በአሜሪካ ከግንቦት 2015 አጋማሽ ወዲህ ለገቡ ማመልከቻዎች ከተሰጠበት ቀን 15 ዓመት፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በየ5 ዓመቱ እየታደሰ እስከ 25 ዓመት።

አገሩንም ተመልከቱ። ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። አንድ መሣሪያ በአሜሪካ ተጠብቆ በሌላ አገር ነጻ ሊሆን ይችላል። የመረጃ ቋቶቹ በየአገሩ የተመዘገቡትን ወንድማማች ፓተንቶች አንድ ላይ ስለሚዘረዝሩ፣ ዕቃው የሚሠራበት፣ የሚሸጥበትና እናንተ የምትጠቀሙበት አገር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ፈልጉ።

በመጨረሻ የይገባኛል አንቀጾቹን አንብቡ። ሥዕሉና መግቢያው መግለጫ ናቸው፤ የመብቱን ወሰን የሚያበጁት በመጨረሻ በቁጥር የተዘረዘሩት አንቀጾች ናቸው። 1ኛውን አንቀጽ ወስዳችሁ በክፍል በክፍል ቁረጡት፤ ለምሳሌ፦ አካል፣ በአካሉ ላይ የሚንሸራተት ጥርስ፣ ጥርሱን የሚያጠብቅ ብሎን፣ ማእዘን የሚያሳይ መለኪያ። ኮፒው እያንዳንዳቸውን ከያዘ ጥሰት አለ። አንዷ ከጎደለች በቃል ደረጃ ጥሰት የለም፤ ፍርድ ቤት ግን የጎደለውን የሚተካ አቻ ክፍል አለ ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

መልክ መለያየቱ ብቻ እንደማያድን የጠረጴዛ መጋዙ ጉዳይ ያሳያል። ሶስቶፕ ጣት ሲነካው የሚቆም መጋዝ ነው፤ ሰውነት የሚያመጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት ለውጥ ያነብና የአሉሚኒየም ፍሬኑን ጥርሱ ላይ ይተክላል፤ በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ያቆመዋል። ቦሽ ሪአክስ የተባለውን መጋዝ ሲያወጣ ፍሬን አላስገባም፤ የእሱ አሠራር ስለቱን ሳይጎዳ ከጠረጴዛው በታች ይጥለዋል። ያም ሆኖ ሶስቶፕ በ2015 ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ከሰሰ፤ ኮሚሽኑም በ2017 መጀመሪያ ሪአክስ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ አገደ። ቦሽ ርካሽ ቀጂ አይደለም፤ የተረታው ሁለት የሶስቶፕ ፓተንቶች አንቀጾች የእሱንም አሠራር ስለሚሸፍኑ ነው። ሌላም ትምህርት አለው። የሶስቶፕ ማመልከቻዎች የጀመሩት በ1999 ነው፤ የቀደሙት ቢያልቁም ከኋላ የተከተሉት ይኖራሉ። አንድ የሞተ ፓተንት አግኝታችሁ «አለቀ» አትበሉ።

ይህ ሁሉ ለገዢ የሚበቃ ማጣሪያ ነው። ሠርታችሁ ወይም አስመጥታችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ግን የፓተንት ጠበቃ ሳታማክሩ አንድም ዕቃ አታዙ።

ለራስ መሥራትስ?

በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ወይም በዎርክሾፕ የሌላውን ጂግ (እንጨትን ወይም መሣሪያን በቦታው ይዞ የሚመራ ረዳት ዕቃ) ለራስ መቅዳት የተለመደ ነው። በጀርመንና በእንግሊዝ ሕግ ለግልና ለንግድ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ ሥራ የፓተንት ጥሰት አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ግን እንዲህ ያለ በር አልከፈተም፤ መሥራትም መጠቀምም ራሱ ጥሰት ነው። የትሪፕስ አንቀጽ 60 አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ወይም በትንሽ ፖስታ የሚገባን ለንግድ ያልሆነ ጥቂት ዕቃ ከጉምሩክ ቁጥጥሩ ውጭ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ሲፈቅድ ግን አያስገድድም፤ ፎርጅዱንም ንጹሕ አያደርገውም። የሠራችሁትን ፋይል በይፋ መልቀቅና ዕቃውን መሸጥ በየትኛውም አገር ከግል ጥቅም የወጣ ነገር ነው።

ስኳድራ

አሁን ወደ ዕቃው። ከሁሉ በፊት የሚፈተሸው ስኳድራ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ይለካልና። በቀለም የተነከሩ ቆንጆ የአሉሚኒየም ስኳድራዎች በብዛት ከሚቀዱት መካከል ናቸው። ዓይንን ያታልላሉ፤ በሌዘር ጨረር የተጻፈው ቁጥር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ማእዘኑ ግን ለብቻው ይፈተሻል።

ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) አዘጋጁ። ስኳድራውን ጠርዙ ላይ አስደግፋችሁ በሹል ቢላ መስመር ጫሩ። እርሳስ አትጠቀሙ፤ የእርሳስ ውፍረት የምትፈልጉትን ስሕተት ይደብቀዋል። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጣችሁ ከዚያው መነሻ ነጥብ ሁለተኛ መስመር ጫሩ። መስመሮቹ ከተገጣጠሙ ማእዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ከተለያዩ በጫፍ የምታዩት ክፍተት የስሕተቱ እጥፍ ነው፦ በ200 ሚሊ ሜትር ላይ 0.2 ክፍተት ካለ እውነተኛው ስሕተት 0.1 ነው፤ ለቁምሳጥንና ለጠረጴዛ ይበቃል። ክፍተቱ 0.5 ከሆነ መልሱት። የኤምዲኤፉ ጠርዝ ራሱ ጎባጣ ከሆነ ፈተናው ስለሚዋሽ፣ አስቀድማችሁ በቀጥ ያለ ብረት አረጋግጡት።

ቁጥሮቹንም ከጥሩ የብረት ማስመሪያ ጋር በመነሻ፣ በመሐልና በጫፍ አስተያዩ። ብዙ ጊዜ የሚሳተው ዜሮው ነው፤ መስመሮቹ እርስ በርስ ትክክል ሆነው ከጠርዙ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይርቃሉ። እንዲህ ያለውን ለማስመር እንጂ ለመለካት አትጠቀሙበት። የተዛባ የአሉሚኒየም ስኳድራ አይስተካከልም። ከአንድ የብረት ዝርግ የተቆረጠ ትልቅ ስኳድራ ግን ይስተካከላል፦ በውስጠኛው ማእዘን አጠገብ በፑንቾ ስትመቱት ማእዘኑ ይከፈታል፤ በውጨኛው ማእዘን አጠገብ ስትመቱት ይጠባል። በትንሹ ምቱ፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለኩ።

መላጊያ

ስለቱን ወደ ውስጥ መልሱት፤ ከአካሉ ግን አታውጡት፤ ማጥበቂያውም እንደ ሥራ ጊዜው ይጥበቅ። ማጥበቁ ራሱ የታችኛውን ገጽ በትንሹ ስለሚያጎብጥ ባዶ አካል መለካት ያሳስታል። ቀጥታነቱ የታወቀ ብረት በታችኛው ገጽ ላይ አጋድማችሁ 0.05 ሚሊ ሜትር የፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ቅጠል ለማስገባት ሞክሩ። የፊት ጫፉ (አፍንጫው)፣ ስለቱ ከሚወጣበት ክፍተት (ከአፉ) ፊት ያለው መስመርና የኋላ ጫፉ (ተረከዙ)፣ ሦስቱ በአንድ ደረጃ መሆን አለባቸው። በመካከላቸው ያለ ጉድጓድ ብዙ አይጎዳም። ከአፉ ፊት ያለው መስመር ከጎደለ ግን እንጨቱን አፉ ላይ የሚጫነው ነገር ስለሌለ ስስ ፍቅፋቂ አይወጣም፤ ይቦጫጭቃል። መሐሉ ያበጠ ከሆነ ደግሞ መላጊያው እየተወዛወዘ ጠርዙን ያጎብጠዋል።

ጉድለቱ ከ0.15 በታች ከሆነ በእጅ ይስተካከላል። በወፍራም መስታወት ላይ ባለ 80 የብርጭቆ ወረቀት ለጥፉ፤ የታችኛውን ገጽ በማርከር አዥጎርጉሩት፤ ስለቱ ወደ ውስጥ ገብቶና ጠብቆ እያለ እየገፋችሁ ፈግፍጉ። በየ20 ግፊቱ የብረቱን ዱቄት ጥረጉ። ማርከሩ ከሦስቱ ቦታዎች ሲጠፋ ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 220 እለፉ። ከ0.15 የበለጠውን ለመፈግፈግ ከመድከም መመለሱ ይሻላል።

ከዚያ ስለቱ የሚያርፍበትን ተዳፋት ብረት ፍቱና መቀመጫውን በማርከር ቀቡ፤ መልሳችሁ ገጥማችሁ ትንሽ አነቃንቁና አውጡት። ማርከሩ በአንድ ጥግ ብቻ ከተፋቀ ብረቱ ሙሉ በሙሉ አላረፈም፤ ስለቱ በሥራ ላይ የሚንቀጠቀጠውና ገጹ ላይ የማዕበል መስመር የሚተወው ከዚህ ነው። በስለቱ ጀርባ የሚደረበውን ብረት ከስለቱ ጋር አጣብቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የብርሃን ክር ከታየ ፍቅፋቂ ገብቶ ይቀረቀራል። የተደራቢውን የታች ከንፈር በድንጋይ ላይ በትንሹ አጋድማችሁ፣ የፊት ጠርዙ ብቻ እስኪነካ ድረስ ሳሉት።

የስለቱን ብረት ለመፈተሽ በ30 ዲግሪ ሳሉትና ጠንካራ እንጨት ጫፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ አሠሩት፤ በማጉያ መነጽርም እዩት። ጫፉ ከታጠፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተሸራረፈ ከመጠን በላይ ደረቅ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ስለት አትፍረዱ። ፋብሪካው ሲሞርደው የጫፉን ብረት በሙቀት አበላሽቶት ሊሆን ስለሚችል 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ፈግፍጋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ከሥር ያለው ብረት ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ካልሆነ ጥሩ ስለት ለብቻው ግዙ፤ ደኅና አካል ያለው ርካሽ መላጊያ በዚህ ወጪ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ውፍረቱን ግን ለኩ፤ የድሮው የስታንሊ ስለት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ በአፉ ላያልፍ ይችላል።

ስለት መሳያ መያዣ

በሁለት ጎን አጣብቆ የሚይዘው ኤክሊፕስ የሚባለው ዓይነት በጣም ከሚቀዱት አንዱ ነው። ርካሹ የሚበላሸው ጥርሶቹ በቀለም ስለሚወፍሩና መሮ የሚገባበት ሰርጥ ስለሚጠብ ነው። በትንሽ ሞረድ ቀለሙን ከሰርጡ አውጡ፤ ሁለቱ ጥርሶች ስለቱን እኩል እስኪይዙት ድረስ። ከመያዣው ፊት የሚወጣው ርዝመት ማእዘኑን ይወስነዋል፦ ለመሮ 40 ሚሊ ሜትር 25 ዲግሪ፣ 30 ሚሊ ሜትር 30 ዲግሪ ይሰጣል፤ ለመላጊያ ስለት 50 እና 38 ሚሊ ሜትር። ኮፒው ቁመቱ በትንሹ ሊለይ ስለሚችል የመጀመሪያውን ስለት በማእዘን መለኪያ አረጋግጡ።

የሚሽከረከርና የሚሞላ ዕቃ

ከዚህ በኋላ ያለው ዓይነት የከፋ ነው። የተዛባ ስኳድራ እንጨት ያበላሻል፤ በደቂቃ 20,000 ጊዜ የሚዞር ቁራጭ ካርባይድ ግን ፊት ላይ ይመጣል። የራውተር ቢት (እንጨት የሚቀርጸው የራውተር ማሽን ተሽከርካሪ ስለት) ሲገዙ የታወቀና የሚጠየቅ አምራች ይኑረው። ሲደርሳችሁ ግንዱን በካሊፐር ለኩ። የግማሽ ኢንች ግንድ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሩብ ኢንቹ 6.35፤ 12 ሚሊ ሜትሩን በግማሽ ኢንች ኮሌት (ግንዱን አጥብቆ የሚይዘው የማሽኑ ክፍል)፣ 6ቱን በሩብ ኢንች ኮሌት ማጥበቅ አደጋ ነው፤ የያዘ ይመስላል፣ ሥራ ላይ ግን እየተንሸራተተ ይወጣል። ካርባይዱ ከብረቱ የተበየደበትን መስመር በማጉያ እዩ፤ ቀዳዳ ወይም ክፍተት ካለው አትሰኩት። ሁለቱ ክንፎች እኩል ካልሆኑ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። በደኅናውም ቢሆን ዙሩን ቀንሱ፦ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት 24,000 በደቂቃ፣ እስከ 50 ገደማ 18,000፣ ከ75 በላይ 12,000 አይለፍ። አምራቹ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ከጻፈ እሱን ያዙ።

ባትሪ ላይ ውሸቱ በስሌት ይያዛል። ባለ 18 ቮልት ባትሪ 5 ሴሎች በተርታ ይይዛል፤ ሲሞላ 5 ጊዜ 4.2፣ ማለትም 21 ቮልት ይሆናል። መካከለኛው መጠን 10 ሴሎች አሉት፣ ሁለት ሁለት ጎን ለጎን። 18650 የሚባለው የተለመደ ሴል አቅም ከ3.5 አምፒር ሰዓት ገደማ አያልፍም፤ ስለዚህ በ10 እንዲህ ያሉ ሴሎች ከ7 በላይ አይገኝም። በዚያ መጠን ላይ 9 ወይም 12 አምፒር ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው። ሚዛንም ይረዳል፦ አንዱ ሴል 45 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 10ሩ ብቻ ወደ 450 ግራም ይጠጋሉ፤ ሙሉው ባትሪ 400 ግራም ከሆነ ውስጡ ጎድሏል። የፎርጅድ ባትሪ ትልቁ አደጋ ግን ከውስጥ ነው፤ እያንዳንዱን የሴል ጥንድ የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ሲቀር አንዱ ጥንድ ከመጠን በላይ ይሞላና ይቀጣጠላል። በእጅ ወይም በሞረድ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ፎርጅድ ከደረሳችሁ

ከመጠቀማችሁ በፊት ሳጥኑን፣ ምልክቱን፣ የተከታታይ ቁጥሩንና የላኪውን ወረቀት ፎቶ አንሡ። የኦሪጅናሉን አምራች በተከታታይ ቁጥሩ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ገንዘባችሁን ከሻጩ ወይም ከከፈላችሁበት ባንክ ስትጠይቁ «ጥራቱ አልተስማማኝም» አትበሉ፤ «የንግድ ምልክቱ ሐሰተኛ ነው» በሉና የአምራቹን መልስ አያይዙ። የመመለሻ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ ፍተሻውን ሁሉ ዕቃው በደረሰ ሳምንት ጨርሱ። ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ ዕቃውን ለሌላ አትሽጡ፤ ፎርጅድ እንደሆነ ተናግሮ መሸጥም የንግድ ምልክት ጥሰት ነው። ነጻ የወጣ ንድፍ ኮፒ ግን በግልጽ ይሸጣል፦ የአምራቹን እውነተኛ ስም፣ ስለቱ ተቀይሮ ከሆነ የማን እንደሆነ፣ የታችኛው ገጽ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተስተካከለ ጽፋችሁ።